እጅ ወደ ኋላ

የተማሪው አክስት ኮምፒውተሩ ላይ «መዝግብ» የሚለውን ለአምስተኛ ጊዜ ተጫነችው፤ ቀዩ ጽሑፍም ለአምስተኛ ጊዜ ብቅ አለ፦ «ይህ ደንበኛ ቀድሞ ተመዝግቧል።»

ተማሪው ከኋላዋ ቆሟል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል። የመምህሩ ሕግ ነው፦ በፈተና ቀን ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጠው የሥራው ባለቤት ነው፤ ሲስተሙን የሠራው ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ ይቆማል። አምና አንዱ ጎንበስ ብሎ ኪቦርዱን በአገጩ ሲነካ ተይዞ ወድቋል ይባላል። ውሸት ከሆነም ኃጢአቱ በተናጋሪዎቹ ይሁን።

ይህን ኮርስ ካላለፈ ምረቃ የለም። አራት ወር ሙሉ ሰንጠረዥን ከሰንጠረዥ ሲያጋባ፣ ሲያፋታ፣ ዳታቤዙን ሦስት ጊዜ ከመሠረቱ አፍርሶ ሲገነባ ከርሟል። ሲስተሙ የአክስቱን የልብስ ስፌት ቤት ደንበኞች ከነልካቸው ይመዘግባል፤ ልብሱ ሲደርስም በስልካቸው መልእክት ይልካል። መምህሩ «እንደ ትልቅ ድርጅት አስቡ» ስላላቸው አርባ ቅርንጫፍ እንዲሸከም አድርጎ ነው የሠራው። አክስቱ ያላት አንድ በርና ሁለት የስፌት መኪና ነው።

«ምነው ይኼ ነገር እምቢ አለኝ፣ ኢንጂነር?» አለች ዞር ብላ።

ኢንጂነሩ ከንፈሩን ነከሰ።

«ማንን እየመዘገቡ ነው?» አለ መምህሩ።

«ትንሿን ልጅ ነዋ! እናቷን ስመዘግብ እሺ አለ። ትልቋን ስል ተመዝግባለች አለኝ፤ ትንሿንም እንደዚያው። መቼ መዘገብኳት? የትከሻዋን ልክ እንኳ ገና መጻፌ ነው!»

«ስልኳስ?»

«የእናቷ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በስልክ ምን ልትሠራ?»

መምህሩ ወደ ተማሪው ዞረ። «አሁን መናገር ትችላለህ። ደንበኛን ከደንበኛ በምን ትለያለህ?»

«በስልክ ቁጥር። አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው» አለና ትዕግሥቱ አለቀ። «እትዬ! ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ስልክ አስገቢ ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩሽ?»

«ነግረኸኛል። እኔስ አልነገርኩህም? እዚያ ግቢ ሰባቱም በአንድ ስልክ ነው የሚጠሩት ስልህ፣ እሺ እሺ እያልክ ላፕቶፕህን ትቀጠቅጥ ነበር። እኔ ሞኟ፣ የምታዳምጠኝ መስሎኝ!»

ከቦርሳዋ ጥቁር ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። ጠርዙ ተበልቷል፤ በየገጹ አንድ ሰው አለ፣ ወገቡ፣ ደረቱ፣ የእጁ ርዝመት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ደብተር ነው፤ አንድም ቀን ማንንም «ተመዝግበሃል» ብሎ መልሶ አያውቅም።

ወረፋ የሚጠብቀው የዶርም ጓደኛው ከኋላ አንሾካሾከ፦ «የመጨረሻዋን ቁጥር ቀይሪያት በላት! ስምንቷን ዘጠኝ!»

አክስቱ ጆሮዋ ለጉድ ነው። «ከዚያ ቀሚሱ ሲደርስ ማን ሊመጣ ነው? ዘጠኝ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ እንኳ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲመለስ ግን ኮስተር ብሎ ነበር።

«አሥር ደቂቃ አለህ። የራሱ ስልክ ያለው ሌላ ደንበኛ ታስገባለች፤ ከሠራ እንደ ተሠራ እቆጥረዋለሁ። ካልሆነ ሰኞ አስተካክለህ ትመጣለህ። ሰኞ የመጣ ግን ከሲ ውጤት በላይ አያገኝም።»

ተማሪው ደብተሩን አየ። አራት ወር ሙሉ ከአጠገቡ ነበር፤ እንዲያውም የሻይ ብርጭቆ ያሳርፍበት ነበር። ክቡ ምልክት አሁንም ሽፋኑ ላይ አለ።

«አንድ ወንደላጤ ልፈልግልህ?» አለች አክስቱ ገጾቹን እየገለጠች፣ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «የራሱ ስልክ ያለው አይጠፋም።»

ወንደላጤው ያሳልፈዋል። ሰኞ ደግሞ ትንሿ ልጅ ሱቁ በር ላይ ትቆማለች፤ አክስቱም ሲስተሙን ዘግታ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች። አርባው ቅርንጫፍም እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ይቀራል።

ከኋላው ያጣመራቸውን እጆች ፈታ። ላፕቶፑን ከደነ።

«ሰኞ እንመጣለን» አለ ለመምህሩ።

ከዚያም ወንበር ስቦ ከአክስቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ ፀጉሯ ውስጥ የሰካችውን እርሳስ መዘዘ።

«እስቲ እትዬ፣ ከመጀመሪያው ገጽ አንብቢልኝ።»