ለየኔታ እግር የተለካ መንገድ

አባቴን መሪጌታ ወልደ ጻድቅን ሰቆጣ ውስጥ የኔታ የማይላቸው የለም፤ እኛ ልጆቻቸውም የኔታ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሆኖም ከጓሮ ክፍላቸው ተነሥተው በኋላ በር በኩል ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ መሪ ፈልገው አያውቁም። መቋሚያቸው ይበቃቸዋል።

ሐምሌ ላይ የወረደው ዝናብ ግን የጓሮውን መንገድ ጠጠር ጠርጎ ወሰደውና ጭቃው ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ክንዳቸው በለዘ እንጂ አልተሰበሩም። አምደወርቅ ከተማ ቢሮ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ አሳምነው ይህን ሲሰማ በስልክ ፈረደ፦ መንገዱን እሱ በሲሚንቶ እስኪያሠራው ድረስ የኔታ ቤት ተቀምጠው ይጸልዩ። ሲሚንቶው ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ይመጣል ሲባል ነው የኖረው። የኔታ ያን ሰሞን እህል አልበላላቸው አለ። እኔ ተናደድሁ። ማኅሌት ቆሞ ያረጀ ሰው እንደ ዶሮ ይዘጋበታል?

ዝናቡ እንዳባራ ዶማ አነሣሁ። የፈረሰው ማድቤታችን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሞልቶታል፤ እየፈነቀልሁ አወጣሁ። ከወንዙ ጠጠር በጆንያ ተሸክሜ በአሮጌ የአልጋ ሽቦ ነፋሁት። ጭቃውን ዛቅሁ፣ አሸዋ ደለደልሁ፣ ድንጋዩን ደረደርሁ፣ መሐሉን በጠጠር ሞላሁ። ይመኙሻል የምትባለው ጎረቤቴ ወንድ ጠፍቶ ነው ወይ ብትለኝ፣ ወንዱማ አምደወርቅ ሲሚንቶ እየጠበቀ ነው አልኋት።

ስጨርስ የኔታን ጠራኋቸው። ሁለቱን ድንጋይ ረግጠው ሦስተኛውን ሳቱት። ለካ በራሴ ርምጃ ነው የደረደርሁት፤ የመሪጌታ ልጅ ሆኜ በመቋሚያ የሚሄድ ሰው ርምጃ ትዝ አላለኝም። አፈርሁ። እሳቸው ግን ፊታቸው ፈካ፣ መቋሚያውንም ሰጡኝ።

«ከድንጋይ እስከ ድንጋይ በዚህ ግማሽ ለኪው» አሉ። «ጠጠሩን እንዳትነኪው። መቋሚያው ጠጠር ላይ ሲያርፍ ይንሿሿል፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይጮኻል። እሰማዋለሁ።»

ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ደረደርሁ።

አሳምነው ለመስቀል መጣ። መንገዱን አይቶ ሳቀ፤ ሲሚንቶ ያልነካው ነገር አይታመንም አለ። የኔታ ሳቁን ሰሙ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡና አንዱን ድንጋይ ከሌላው እያስከተሉ ሄዱ። በሩ አጠገብ ሲደርሱ የመጨረሻው ድንጋይ ተናጋ፤ በአንድ ጉልበታቸው ወደቁ። አሳምነው ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

«አላልሁሽም እፀገነት?» አለኝ። «በቃ የኔታ፣ ወደ ቤት እንግባ።»

የኔታ ክንዳቸውን አስለቀቁ። ራሳቸው ተነሡና ድንጋዩን በመቋሚያቸው ሁለቴ መቱት።

«የተናጋው ይኸ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አሉ። «እሱን አስተካክል።»

በሩን ከፍተው ወጡ።

ዶማውን አንሥቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። ለበዓል የለበሰውን ሱሪ አየ፣ እኔንም አየኝ። የመቋሚያው ድምፅ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እየራቀ ነበር። አሳምነው አፈሩ ላይ ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ።