ቁርበት የለበሰው ደወል

ሙላትን የሰደበው አጎቱ በላቸው ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ቀኑ ቃና ዘገሊላ፤ የሚካኤል ታቦት ገብቶ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መስኩ ላይ ጠላውን ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት። ሙላት ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ሉማሜ ወርዶ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ የመጣው በዓሉን ከዘመድ ጋር ሊውል ነበር። ዋንጫ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ፣ በላቸው ጥፍሩ ሥር ያለውን ቅባትና መዳፉ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ አየ።

«እዩልኝማ!» አለ፣ ለመስኩ ሁሉ እንዲሰማ። «እኛ መሐንዲስ ይሁን ብለን ላክነው፤ እነሱ ቀጥቃጭ አድርገው መለሱልን! ሕፃናቱን ዞር አድርጉ፣ ዓይኑ እንዳይበላቸው!»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ማን ማን እንደሳቀ ሙላት ዛሬም በስም ይጠራልሃል፤ የክርስትና አባቱ እንኳ ጢሙን ጠላው ውስጥ እንደነከረ ስቋል። በዚያ አገር ቀጥቃጭ ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ማጭድህን ይስልልሃል፤ አንተ ግን ልጅህን አትድርለትም፣ ጨቅላህንም ከዓይኑ ትሸሽጋለህ። በዚያ ስም መጠራት ምን እንደሆነ የተጠራ ያውቀዋል። ሙላት የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። መልሱ የመጣለት ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ መልስ መቼም የሚመጣው ሰዳቢው ዞር ካለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን መልስ በሆዱ ሲስለው፣ ሲያሾለው ዓመታት አለፉ።

ሙላት የሜካኒካል መሐንዲስ ነው። ተመርቆ መጀመሪያ ቆላ ወርዶ የመንገድ ሥራ ማሽን ሲጠግን ከረመ፤ ወባው ሲበረታበት ወደ ደጋው ተመልሶ ደብረ ማርቆስ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ገባ። የጥገና ኃላፊ ይሉታል። ኃላፊነቱ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ እየዞረ ሳለ ስሙን የሚያነሣ የለም፤ ማሽኑ የቆመ ዕለት ግን ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም «ሙላት! ሙላት!» ነው።

አንድ ቀን ከተጣለ ብረት መሀል አሮጌ ማርሽ ሲያነሣ አምልጦት ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ማርሹ ጮኸ ከማለት ዘመረ ማለት ይቀላል፤ ድምፁ ግድግዳውን ዞሮ ቶሎ አልሞተም። አነሣና ደግሞ ጣለው። ዘበኛው መጥቶ «ኢንጂነር፣ ደህና ነህ?» እስኪለው ሲያነሣ ሲጥል ቆየ።

ከዚያ ጀምሮ ከሥራ መልስ ነገሩ ሁሉ ደወል ሆነ። ተከራይቶ በሚኖርበት ግቢ ጓሮ ቆርቆሮ ጣራ ጥሎ፣ ያረጀ የጋዝ ሲሊንደር፣ የመኪና ቸርኬ፣ ቁራጭ ቧንቧ እያመጣ ይቆርጣል፣ ይሰቅላል፣ ይመታል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ጠርዙን ትንሽ ሞርዶ ደግሞ ይመታል። ታዲያ ጎረቤት «ቀጥቃጭ» እንዳይለው የመዶሻውን ራስ በበግ ቁርበት ጠቅልሎታል። ድምፁ ከአጥር አያልፍም።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ትስቅበታለች። «ሌላው ወንድ ውሽማ ይደብቃል፤ የኔው ደወል ይደብቃል!»

«ዝም በይና ስሚ። ይኼኛው ድምፁ ወፈር ይላል።»

«እኔም ወፍሬአለሁ፤ እኔን ማን ሰማኝ?»

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት መሪጌታ አምደሚካኤል ዓይናቸውን ሊታከሙ ከገጠር መጥተው እሱ ቤት አረፉ። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ጆሮ ነው። ጓሮ የተሰቀለው ሲመታ ሰምተው ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ለማንም አይደል የኔታ። ለራሴ ነው።»

«ለራስ ደወል ይሠራል? እኛ በደወል ፈንታ የምንመታው ቸርኬ ተሰንጥቆ እንደ ድስት ነው የሚንኳኳው። የወንዝ ማዶ ሰው ቅዳሴ የሚደርሰው ተፈጽሞ ‹እትዉ በሰላም› ሲባል ሆኗል። ሥራልን እንጂ።»

«ቀጥቃጭ በሠራው እንጠራለን ወይ ይሉዎታል።»

የኔታ ማን እንደሚለው አልጠየቁም፤ ያን ዕለት መስኩ ላይ ነበሩ። «አንተ ሥራ» አሉ። «ወንዝ ማዶ ከተሰማ የሚናገረውን እናያለን።»

በላቸው የሚኖረው ወንዝ ማዶ ነው። ሙላት ይህን ሳያስብ የዋለበት ቀን የለም። ደወሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወደ ወንዙ የሚወርደውን ገደል ከተሻገረ ተሻገረ፤ ካልተሻገረ ግን ያ ስም እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። ክረምቱን ሙሉ ለአንድ ሲሊንደር ሰጠ። መስከረም ሲጠባ ድምፁ ሆድ የሚያባባ፣ እንደ በገና የሚያንጎራጉር ሆነ።

ጥቅምት ውስጥ በአንዱ እሑድ ደወሉን አውቶቡስ ላይ ጭኖ፣ ከሉማሜ በአህያ አድርሶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ሰቀለው። ማዶ ያለው ሰው ሲሰማ ጋቢውን እንዲያውለበልብ መልእክት ተልኮለታል። ደወሉ ተመታ። እዚያው የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። ማዶ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ይታያል፤ የሚያውለበልብ ግን የለም። ደግመው መቱት። ማንም የለም።

ከቅዳሴ በኋላ በላቸው ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «ምነው እንጂነር፣ ደወልህን ጉንፋን ያዘው? ቀጥቃጭነቱም አልሆነልህም እኮ ልጄ!»

ያው ሳቅ ተደገመ።

«እንደገና እሠራዋለሁ» አለ ሙላት፣ መሬት መሬት እያየ። ደወሉን ራሱ ተሸክሞ ወረደ።

ቤቱ አስቀምጦ መረመረው። ስንጥቅ የለ፣ ብየዳው ደህና፣ ጠርዙ ደህና። ሦስት ቀን አገላበጠው። ማንጠግቦሽ እህል ስታበጥር ቆይታ ወደ ደወሉ መምቻ ብረት አየች።

«ይኼንንስ ቁርበት ምን አለበሰው?»

«እንዳይጮህ ነዋ።»

«ደወሉ?»

ሙላት መምቻውን አንሥቶ አየው። ማንም አላዘዘውም፤ እጁ ከልማዱ የተነሣ የደወሉንም መምቻ እንደ መዶሻው ጠቅልሎታል። ቢላ አምጥቶ ቁርበቱን ቀዶ ጣለ። ከዚያም በጠራራ ፀሐይ፣ በባዶ ብረት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አንድ ጊዜ መታው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። ጎረቤቱ ወይዘሮ አለሚቱ ራሳቸውን ከአጥሩ በላይ ብቅ አደረጉ።

«ሙላት! ምንድን ነው እሱ?»

«ደወል ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት!»

«እሰይ! እኔ ደግሞ ትራንስፎርመር ፈነዳ ብዬ! እስቲ ድገመው።»

ደገመላቸው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ደወሉ ከዛፍ ሥር ወጥቶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ በሁለት ምሰሶ መሀል ተሰቀለ። ጎሕ ሲቀድ የኔታ ራሳቸው መቱት። ድምፁ ገደሉን ተሻገረና ማዶ ካለው ተራራ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። መጀመሪያ አንድ ጋቢ ተውለበለበ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያማ ማዶው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ሰውም ቁልቁለቱን ይወርድ ጀመር።

ፊት ፊት የመጣው በላቸው ነው። ድልድዩን ልዙር ሳይል ወንዙን ሰንጥቆ ኖሮ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ቅዳሴው ገና አልተገባም። ደጀ ሰላሙ ላይ ሙላት ፊት ቆመ፤ ደወሉን አየ፣ የሙላትን ጣቶች አየ። ሰው ነገር ሊሰማ ጠጋ ጠጋ አለ።

«አንተ ቀጥቃጭ!» አለ እያለከለከ። «ከሞቀ እንቅልፌ አስፈንጥረህ አስነሣኸኝ እኮ! ከራስጌዬ የተመታ ነው የመሰለኝ!» ዱላውን ተደገፈ። «ምነው ዝም አልህ? መልስ የለህም?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበረ፤ ስንት ዓመት የተሳለ፣ የሾለ። ሙላት የአጎቱን ሱሪ አየ። ውኃው ገና ይንጠባጠባል። የኔታ ደወሉን ደገሙት።

ሙላት ጫማውን አወለቀ፤ በዚያ ቅባት በማይለቀው እጁ ነጠላውን አስተካከለና ወደ ቅዳሴው ገባ።