የአውራ ጣት መልስ

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ፀጉር እያለቀለቀች ሳለ እጮኛዋ በሩ ላይ ድቅን አለ። የታክሲ ሹፌር ነው፤ በሥራ ሰዓት መጥቶ አያውቅም። ፊቱ ጠቁሯል።

እጇን እያደራረቀች ወጣች። ትናንት የጻፈላትን ረጅም መልእክት ስልኩ ላይ አሳያት።

"ከሰለቸሁሽ ንገሪኝና ልተውሽ ብዬ ጻፍኩልሽ" አላት ቀስ ብሎ። "አንቺ የአውራ ጣት ምልክት ላክሽልኝ።"

ክው አለች። መልእክቱን አላነበበችውም። ረዘም አድርጎ ሲጽፍላት ሁሌም መልሷ ይኸው ነው፤ ወይ አውራ ጣት፣ ወይ ልብ። ሲደውልላት እንደ ልቧ ታወራለች፤ በጽሑፍ ግን መልሳለት አታውቅም። እሱም ንቃኛለች ብሎ ደምድሟል።

እንደ ልማዷ ሥራ በዝቶብኝ ነው ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተወችው።

"አላነበብኩትም። ማንበብ ይከብደኛል" አለችው። "ፊደሎቹ ይምታቱብኛል። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። በልጅነቷ ሰነፍ እየተባለች አድጋ ትምህርቷን እንዳቋረጠች፤ ሰሞኑን ደግሞ የእህቷ ልጅ እንደሷ ማንበብ ቢያቅታት፣ ከእህቷ ጋር ትምህርት ቤት እንደሄዱ። መምህርቷ ችግሩ ዲስሌክሲያ እንደሚባል፣ አእምሮ ጽሑፍን ከሚቀበልበት መንገድ የሚመጣ እንጂ ስንፍናም ድድብናም እንዳልሆነ፣ በሚስማማት መንገድ ከተማረች ልጅቷ ማንበብ እንደምትለምድ፣ ለአዋቂም ቢሆን እንደማይረፍድ አስረድታቸዋለች። ልጅቷ ስትደሰት፣ አክስት ሆዬ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ሹፌሩ ግድግዳውን ተደገፈ።

"እኔ እኮ ሌላ ሰው ይዛ ነው ብዬ..." አለና ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ትዝ ብሎት፣ "እናቴ ታመመች ብዬ የጻፍኩልሽ ጊዜስ?"

"ልብ ላክሁልህ።"

"ደግነቱ አውራ ጣት አልሆነ" አለ፤ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ ደረቷ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ቅልል አላት። ከእንግዲህ በድምፅ እንደሚልክላት ነግሯት ወደ ታክሲው ሄደ።

ስትገባ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ለደንበኛዋ የሚቀባ አዲስ የመጣ የፀጉር ቀለም ይዘው ጠበቋት። ፀጉር ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ካርቶኑ ላይ እንድታነብላቸው ሰጧት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሴን አመመኝ ትላቸው ነበር።

"እትዬ፣ እኔ ማንበብ ይከብደኛል" አለቻቸው ካርቶኑን እየመለሰች። "እርስዎ ያንብቡልኝ፤ እኔ ልቀባት።"