የቸኮለ ድስት

ቴይ ከሰዓት በኋላ ከጫካ ተመልሶ የክር ከረጢቱን ከምድጃው አጠገብ ሲያስቀምጥ፣ ኬንጋ ከሁሉ በፊት ያየችው እጁን ነበር። ታጥቧል። ባሏ እጁን ታጥቦ ቤት ሲገባ አይታ አታውቅም፤ ለምና ለምና የተወችው ነገር ነው።

«የአሳማ ሥጋ ነው» አላት። «ጭስ የጠጣ። ቶሎ ሥሪው።»

«ከየት መጣ?»

«የአክስቴ ልጅ ከላይ ላከልኝ። አሁን ከየት መጣ እያልሽ ልታደርቂኝ ነው? በድስት ጣጂው፤ ሰዎቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ መብላት አለባቸው።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የወንዶች ቤት ሰዎች ናቸዋ! ሌላ ማን አለ?» ብሎ ፊቱን አዞረ።

በቴይ ወገኖች፣ በኮሊንጋዎች ዘንድ የአሳማ ሥጋ የጥድፊያ ምግብ አይደለም። አሳማ የሚታረደው በግቢ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ድንጋይ ይግላል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሥጋውና ስኳር ድንቹ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ ይበስላል፤ አፍንጫ ያለው ሁሉ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ ድርሻውንም ይዞ ይሄዳል። በር ዘግቶ የአሳማ ሥጋ በድስት የሚቀቅል ሰው ወይ ሰርቋል፣ ወይ የሚሸሽገው ነገር አለው። ቴይ ብዙ ጉድ አለበት እንጂ ሌባ አይደለም። ኬንጋ ይህን ታውቃለች።

ደግሞስ ነገ ድግስ አይደል? ነገ አሳማ በሽ በሽ በሚሆንበት ቀን ዋዜማ ምን አስቸኮላቸው?

ነገ የዕርቅ ቀን ነበር። ኬንጋ የተወለደችው ከወንዙ ማዶ፣ ከሙጌዎች ወገን ነው። አምና በወንዙ ዳር ባለ የእርሻ ድንበር የተነሣ ሁለቱ ወገኖች ተጋጭተው ከሙጌዎች አንድ ሰው ሞተ። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ኮሊንጋዎች አሳማ ሊከፍሉ፣ ሙጌዎችም ደሙን ሊተዉ ተስማሙ። ነገ ጠዋት ሙጌዎችን ወክሎ ድልድዩን የሚሻገረው የኬንጋ ታላቅ ወንድም ዋምፒ ነው፤ ሥርዓቱ እንደሚያዘው ባዶ እጁን፣ ያለ ጦር ያለ ቀስት። ለእሱ ከተመደቡት አሳማዎች ሁሉ ትልቁ ደግሞ አመዴ ነበር።

አመዴን ያሳደገችው ኬንጋ ናት። በተዳረች ጊዜ፣ ገና ግልገል ሳለ፣ ዋምፒ አቅፎ አምጥቶ ሰጣት፤ የሙጌ መሆኑ እንዲታወቅም ግራ ጆሮውን በቀርከሃ ስለት ሁለት ቦታ ሸረፈው። ልጅ ገና አልወለደችምና ስኳር ድንች እያላመጠች ያጎረሰችው፣ በብርድ ጊዜ እግሯ ሥር ያስተኛችው እሱን ነው። ከትናንት ወዲያ ቴይ «ከሌሎቹ ጋር ይታሰር» ብሎ ሲወስደው አልቅሳለች። ለወንድሜ ነው የሚሄደው ብላ ተጽናናች።

እነሱ ዘንድ ሰው በደጁ ያሳደገውን አሳማ አይበላም። የራሱን ይሰጣል፣ ሌላው የሰጠውን ይበላል። ኬንጋ ልጅ ሳለች በሰፈሯ ያሳደገውን የበላ አንድ ሰው ነበር። ማንም ምንም አላደረገው፤ እናቶች ብቻ ልጆቻቸውን እሱ ባለበት ጥለው አይሄዱም ነበር።

ድስቱን ጣደች። ሥጋው ውጪው ጠቁሯል፣ ውስጡ ግን ገና ቀይ ነው፤ ጭሱም የእርጥብ እንጨት ስለሆነ ዓይን ያቃጥላል። ተጣድፈው ነው ያጨሱት። ስቡን አስቀድማ አቀለጠች፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨመረች፣ ሥጋውን ከታትፋ አገላበጠችበት። ስኳር ድንቹን ለጉድጓድ እንደሚደረገው ሙሉውን ሳይሆን፣ ቶሎ እንዲደርስ አድቅቃ ቆራረጠችው። ውሃ አፍስሳ ከደነች። ቤቱ በስብና በጭስ ሽታ ታፈነ። መረቁ ሲንተከተክ በእንጨት ማንኪያ ጨልፋ ጨው ቀመሰች። ይጣፍጥ ነበር።

«እስቲ ቅመስልኝ» ብላ በሩ ላይ ለቆመው ቴይ አንድ ቁራጭ ዘረጋችለት።

ወደ ኋላ ሸሸ። «ጥርሴን አሞኛል።»

«ጠዋት ሸንኮራ ስትግጥ አልነበር እንዴ?»

«አሞኛል አልኩሽ! ለሰዎቹ አቅርቢ፣ ለኔ አታውጪ» ብሎ ወጣ። ከደጅ ሆኖ ለእናቱ ሲናገር ሰማችው፤ «እማ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ከግቢ እንዳትወጣ። ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳትነቅይ።»

የአሳማ ሥጋ ሲቀርብለት ጥርሱን የሚያመው የኮሊንጋ ወንድ ገና አልተወለደም። ኬንጋ ከረጢቱን አንስታ ምድጃው ዳር ገለበጠችው። ከሥሩ በቅጠል የተጠቀለለ የጉንጭ ሥጋ ወጣ፤ የቆረጠው ሰው ሳስቶ ነው መሰል ጆሮውን ሳያነሣ ጠቅልሎታል። ጠጉሩ ተለብልቧል፣ ቆዳው ጠቁሯል። ሽርፉ ግን አለ። ሁለት ቦታ።

ኬንጋ አመድ ዘግና አፏን ፈተገች፣ ተፋች፣ ደግማ ፈተገች። የመረቁ ጣዕም አልለቅ አላት። ያጎረሰችውን አመዴን ቀምሳለች።

የቀረውን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ለዕርቅ የተመደበውን አሳማ አርደው የበሉ ሰዎች ዕርቅ አይፈልጉም። ዋምፒም ነገ ባዶ እጁን የሚመጣው ወደ ድግስ አይደለም።

ቀና ስትል አማቷ እማማ ሩምባ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ያይዋታል። ፊታቸው እስካሁን የሐዘን ጭቃ እንደተቀባ ነው። ታናሹ ልጃቸው ኩሪ በአምናው ግጭት ጭኑን በቀስት ተወግቶ ሲማቅቅ ከርሞ፣ ባለፈው ጨረቃ ሞቶባቸዋል።

«አወቅሽ» አሉ።

«እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ሲንሾካሾኩ የማልሰማ መስሏቸዋል። በኩሪ ፋንታ ዋምፒን ነው የሚፈልጉት። ድልድዩ ሥር ይጠብቁታል።»

«እማማ፣ ወንድሜ እኮ ነው!»

«ኩሪስ ልጄ አልነበረም?»

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ምድጃው አመለከቱ። «አማስዪው፣ እንዳያርርብሽ።»

አማሰለች። እንባዋ እየወረደ አማሰለች። ስኳር ድንቹ መፍረስ፣ መረቁም መወፈር ጀምሯል፤ ይህ ምግብ ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ መድረሱ ዛሬ እርግማን ሆነባት።

«ሁለት ወንዶች ነበሩኝ» አሉ እማማ ሩምባ። «ነገ ዋምፒ ቢሞት ሙጌዎች ማንን የሚገድሉ ይመስልሻል? ያንን ቀልደኛ የቴይን አጎት? ቴይን ነው የሚገድሉብኝ። እነዚህ ደደቦች ለኩሪ ያለቀሱ መስሏቸው የቀረኝን አንዱን ሊያስበሉብኝ ነው። በይ አምጪው።»

«ምኑን?»

«ጆሮውን ነዋ! ወንድምሽ የገዛ ምልክቱን አይስተውም።»

በቅጠል የተጠቀለለውን ከረጢታቸው ውስጥ ከተው፣ ማንገቻውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ መቆፈሪያ እንጨታቸውን ያዙ። «ስኳር ድንች አነሰ ብለሽ ልከሽኛል። እኔን ማን ያስቆመኛል? በአሮጊት ላይ ቀስት የሚያባክን የለም።»

ከግቢው በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ወንዙ፣ አንዱ ወንዶቹ ወደሚሰበሰቡበት ወደ ወንዶች ቤት። የሚከፈልበትን ቦታ ሸንበቆ ጋርዶታል። ኬንጋ አሮጊቷ እዚያ ደርሰው ሲሰወሩ አየች፤ ወዴት እንደታጠፉ ግን አላየችም። ልጅ የሞተባት እናት ልቧ በመንገድ ላይ ቢለወጥ ማን ይፈርድባታል? ያን ጆሮ ወስደው ቴይ ፊት ቢጥሉትስ? ፈራች።

ሰዎቹ ፊታቸውን ከሰል ተቀብተው መጡ። ለድግስ የሚቀቡት ቀይና ቢጫ ነው፤ ከሰል የጦር ቀለም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አላነሣውም። ከምድጃው ዙሪያ ተኮልኩለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ኧረ ኬንጋ!» አለ የቴይ አጎት ኮንት አፉን ሞልቶ። «ይኼ ሁሉ ነገር መቼ ደረሰ? የኔዋ እኮ አንድ ስኳር ድንች እስክትቀቅል ጢሜ ይሸብታል።»

«ጢምህ ድሮም የሸበተ ነው፤ በሚስትህ አታሳብ» አለው ሌላው።

ሳቁ። ኮንት ግን ሳቁን ሳይጨርስ ትኩር ብሎ አያት። «ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላው?»

«ጭሱ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ፤ ቸኩለን እርጥብ እንጨት...» ብሎ ሊቀጥል ሲል ቴይ አየው። ኮንት ጎንበስ ብሎ መረቁን ጠጣ።

ቴይ አልበላም። ከሁሉም ጀርባ ቆሞ ቀስቱን ሲያጠባብቅ ነበር። ሲጨርሱ አንድ ጎረምሳ ግቢው በር ላይ አስቀምጠው ቁልቁል ወረዱ። ድስቱ ግማሹ ቀረ።

እማማ ሩምባ የተመለሱት ሊመሽ ሲል ነው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ ጭቃ ግን በሁለቱም መንገድ ላይ አለ።

«የት ነበርሽ አንቺ?» አላቸው ጎረምሳው።

«አንቺ ትለኛለህ? እናትህን ያዋለድኩ ሴት! ስኳር ድንች ልቆፍር ወርጄ ነበር። ፍልፈል ጨርሶታል» ብለው አልፈውት ገቡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ጎረምሳው ጆሮውን አቁሟልና ኬንጋ ምንም መጠየቅ አልቻለችም። እንቅልፍም አልወሰዳትም።

ጠዋት ሸለቆውን ጉም ሞላው። ኬንጋ ግቢው ውስጥ ቆማ የድልድዩን አቅጣጫ ታዳምጣለች። ጩኸት ከመጣ ወንድሟ ሞቷል ማለት ነው። ወፎች ይጮሃሉ፣ ወንዙ ይጮሃል። ፀሐይ ወጣች፣ ጉሙ ሳሳ። ጩኸት የለም።

ከዚያ ከማዶው ጋራ አናት ድምፅ መጣ። የዚያ አገር ሰዎች ከጋራ ወደ ጋራ ሲጣሩ ቃሉን እየጎተቱ ነው፤ ኬንጋ ከመጀመሪያው ጉተታ ማን እንደሆነ ለየችው።

«ኮሊንጋዎች ሆይ! አሳማችን ደርሶናል!»

ዋምፒ ነበር። ከኋላው ብዙ ወንዶች ባንድ ላይ አስተጋቡ፤ ባዶ እጃቸውን እንዳልሆኑም ከድምፃቸው ይታወቅ ነበር። ጎረምሳው ጦሩን ይዞ ወደ ወንዙ ሮጠ። ኬንጋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች፤ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አታውቅም፣ እንዲህም ፈርታ አታውቅም።

ቴይ ብቻውን መጣ። ጤዛ አርሶታል፣ መጥረቢያው በእጁ ነው። ማንንም ሳያናግር ድስቱን ከፈተና እጁን አስገብቶ የቀዘቀዘውን ሥጋ አገላበጠው። ከረጢቱን አራገፈ። ምድጃውን በእንጨት ቆሰቆሰ።

«ጆሮው የት አለ?»

«የቱ ጆሮ?»

«ኬንጋ!»

አፏን ስትከፍት እማማ ሩምባ ቀደሟት። «እኔ በላሁት» አሉ።

ቴይ እናቱን አየ። ጥርስ የላቸውም፤ ሙዝ እንኳ የሚበሉት ተጨፍልቆላቸው ነው። አመዴንም ከኬንጋ እኩል ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በረሃብ ቢሞቱ እንኳ አይነኩትም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ግን እናቱ ናቸው፤ እናቱን ምን ያድርግ?

ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አጋደመና ድስቱን ወደ ራሱ ሳበ። አንድ ቁራጭ አንስቶ ጎረሰ። አላመጠ፣ ዋጠ፣ ሌላ አነሣ። የሚበላውን አንድም ጊዜ አላየውም፤ የሚያየው ኬንጋን ነበር።

ያሳደገውን የበላው ያ የልጅነቷ ሰፈር ሰው ትዝ አላት። እናቷ እሱ ሲያልፍ እጇን ጠበቅ አድርጋ የምትይዝበት አያያዝ ትዝ አላት።

እማማ ሩምባ በዳሌያቸው እየተንፏቀቁ መጥተው በልጃቸውና በበሩ መሃል ተቀመጡ። የራሳቸውን ከረጢት ከእግራቸው ሥር ወደ ኬንጋ ገፉላት።

«በድልድዩ እንዳትሄጂ» አሏት በሹክሹክታ። «በላይ፣ በጫካው በኩል ዙሪ።»

«እርስዎስ?»

«ሂጂ፣ ልጄ» አሉ። «ድስቱ ገና ግማሽ ነው፤ ሳይጨርሰው አይነሣም።»