ሎርና ያጣችው ሰሌዳ

ሎርና ጎረቤቷን ዌንደልን ካኮረፈችው ዓመታት አለፉ። ጠቡ የመጣው በምርጫ ሰሌዳ ነው። የሪፐብሊካን እጩዋ ስም ያለበት ሰሌዳ ከደጇ ጠፋ፤ እሷም ያንን ደረቅ ዴሞክራት በቤተ ክርስቲያኑ የዓርብ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሌባ አለችው። ዌንደል አንድ ቃል አልመለሰም። ዝምታውን ጥፋቱን እንደ ማመን ቆጠረችበት፤ መቼም የተቆጣ ሰው የማይቆጥረው የለም።

አሁን ግን የከተማዋ ምክር ቤት ያለውን አንድ አምቡላንስ ሊያስቀር ነው። ባለፈው በረዶ ባሏን ኧርልን ከሞት አፍ የመለሰው ያ አምቡላንስ ነበር፤ ልቡ ዛሬም አያስተማምንም፣ ከሩቅ ከተማ የሚመጣውን ቢጠብቅ አይተርፍም። ከሁለቱም ፓርቲ የተሰባሰቡ የከተማዋ ሰዎች አምቡላንሱን ለማዳን ማኅበር አቋቁመዋል። ደንባቸው ጥብቅ ነው፤ ከየፓርቲው አንድ አንድ ሰው ጎን ለጎን ካልቆመ በማኅበሩ ስም ማንም አይናገርም። ምክር ቤቱ ፊት ለሚናገሩት ዕጣ ሲወጣ ማን ላይ ቢወድቅ ጥሩ ነው? ሎርናና ዌንደል ላይ!

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ፣ ተራቸው ተጠራ፣ ዌንደል የለም። ባሌን በገዛ ምላሴ ገደልኩት፣ እያለች ሎርና ራሷን ስትረግም በሩ ተከፈተ። ዌንደል ሰሌዳ ታቅፎ ገባ። ያው የጠፋው ሰሌዳዋ ነው።

«የዚያን ዓመት በረዶ ሲቀልጥ አጥሬ ሥር አገኘሁት» አላት ቀስ ብሎ። «የበረዶ ጠራጊው መኪና ገፍቶት ነው። ሌባ ካልሽኝ በኋላ በምን ፊቴ ልመልሰው? ይኸው ሰርቆ መለሰ ልትዪ።»

«እል ነበር» አለች። እውነቷን ነው። «ይቅር በለኝ፣ ዌንደል።»

ሰሌዳውን ገለበጠው። ጀርባውን ነጭ ቀብቶ «አምቡላንሳችን አይነካ» ብሎ ጽፎበታል፤ ያዘገየውም ቀለሙ አልደርቅ ብሎት ነው። ጫፍና ጫፉን ይዘው ቆሙ። ሎርና ከሁሉ አስቀድማ ይህ ሰው ሌባ አይደለም አለች፤ ሰው ፊት ያዋረደችውን ሰው ፊት ካሰች። ከዚያ የኧርልን ነገር አወራች፤ ዌንደልም ከእሷ ተቀብሎ ቀጠለ። የምክር ቤቱ አባላት ድምፅ ሲሰጡ አምቡላንሱ ይቆይ ተባለ። ሎርና እፎይ ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

ሲወጡ ዌንደል ሰሌዳውን መለሰላት።

«ለመጪው ምርጫ ገልብጠሽ ልትተክዪው ነው?»

«እተክለዋለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው መዶሻ ይዤ እመጣለሁ» አላት። «አጥብቄ ልትከልልሽ። ዳግመኛ ሌባ ለመባል አቅም የለኝም።»