ድምፅ ያልሰማች ወፍ

ተመራማሪዋና የሥራ ባልደረባዋ ቢላዋ የማይስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ ወፍ ዘፈኗን ከየት ነው የምታመጣው? ቢላዋ የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት የሞተ ወፍ ሲበልት ስለሚውል ነው፤ እሱ «ጉሮሮዋ ውስጥ አለ፣ ከቅድመ አያቶቿ የወረሰችው ነው» ባይ ነው። እሷ ደግሞ «ካልሰማች ከየት ታመጣዋለች?» ትላለች።

ክርክሩ እንዲያልቅ አንዲት ጫጩት ከእንቁላሏ ጀምራ ድምፅ በማያስገባ ክፍል አሳደገች። ከእሷ በቀር ማንም ዝር አይልም። እሷም በካልሲ ገብታ፣ ትንፍሽ ሳትል ጥሬ ሰጥታ፣ ድምፅ መቅጃውን አብርታ ትወጣለች። ወፏ አንድ ድምፅ ከሰማች የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ወይ እንጀራ! ዝም ብሎም ደሞዝ ይበላል።

ዝምታው ግን አልከበዳትም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቷም ሰው የሌለበት ነው።

አንድ ቀን መቅጃው ላይ ወፏ አፏን ፈታ ተገኘች። ዝቅ ያለ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳብ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። ቢላዋ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

«በዘሯ እንዲህ የሚል የለም! ጉሮሮዋን ልክፈተው?»

«ንክች እንዳታደርጋት!» አለችው እየሳቀች። ተሸንፋ እንኳ ደስ ብሏታል፤ ከማንም ያልተማረች ወፍ ዘፈነች!

ይሄኔ ታላቅ እህቷ ደወለች። ደስታዋን የምታካፍለው ሌላ ማን አላት? ስልኩን መቅጃው ላይ ደቀነችው።

«ስሚማ! ይሄን ማንም አላስተማራትም!»

እህቷ ግን፣ «የኔ እናት፣ ይሄ እኮ ለቅሶ ነው» አለቻት።

«የምን ለቅሶ? ወፍ ናት እኮ።»

«ያንቺ ለቅሶ ነው። ልጅ ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ አፍሽን በትራስ አፍነሽ ታለቅሺ አልነበር? ተኝታለች ትያለሽ እንጂ እኔ እሰማሽ ነበር።»

ተመራማሪዋ ክው አለች። በየጠዋቱ፣ መቅጃውን ከማብራቷ በፊት፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የምታለቅሰው እዚያ ክፍል ነው። ማንም አይሰማኝም ብላ። ድምፅ የምታወጣ አይመስላትም ነበር።

«ሥራዬ ተበላሸ» አለች በመጨረሻ።

«የሥራሽን ተይው። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታለቅሺ ነው የከረምሽው?»

ተመራማሪዋ እዚያው ቆማ፣ አፏን ሳታፍን፣ ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ቢላዋ ወንበር ሳበላት።