መሳፍንት የላከው ስልክ

የእህቴ ባል መሳፍንት ከመሐል ሜዳ ስልክ የላከላት የመታረቂያ ነው ብሎ ነው። እህቴ እፀገነት የልብስ ስፌት መኪናዋን ሳያማክራት ስለሸጠባት ተቆጥታ ሞላሌ ወደ እናታችን ቤት ተመልሳ ነበር። ስልኩ አዲስ፣ ትልቅ፣ ቀይ ሽፋን ያለው ነው። እናቴ ላኪውን መረቀችው። እኔ ግን የሰው መኪና ሸጦ ስልክ የሚልክ ሰው የሚፈልገው ወሬ ነው አልኩ። ምላሴን ስለሚያውቁት ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም።

የእፀገነት ቃል አንድ ነበር፦ መኪናዬን ይመልስልኝ፣ ሥራዬን አይከልክለኝ፣ ያኔ እገባለሁ። ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሄዱ። መሳፍንት ግን ሆዷ ባብቷል፣ ራሷ ትመጣለች ብሎ ባዶ እጃቸውን መለሳቸው። ሆዷ መባባቱን የነገረችው ለእናቴ ብቻ ነው፣ ጓዳ ውስጥ ገብስ እየለቀሙ። በሁለተኛውም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ጓዳችን ውስጥ የተባለው ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ እሱ ዘንድ ይደርሳል፤ እሷ በላላች ቁጥር እሱ ይጠነክራል።

እናቴ ጎረቤታችንን ጠጄን ጠረጠረች። የአንድ ለአምስት ተጠሪ ስለሆነች ወሬ ማቀበል ሥራዋ ነው ብላ፣ እሳት ልትጭር ስትመጣ በሩን ዘጋችባት። ጠጄም አጥራችን ሥር ቆማ እስኪበቃት ሰደበችን። እኔ ጠጄን አልወዳትም። ግን ጠጄ ወሬ ብታገኝ እዚሁ ገበያ ላይ ታወጣዋለች እንጂ መሐል ሜዳ ድረስ አትልክም።

ስልኩ ላይ ካርድ አንሞላም፤ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከእኔ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ሞቷል ተብሎ የተጣለ ነበር፣ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ጭኜ አስነሣሁት። ሊኑክስ በነፃ የሚገኝ ነው፤ አሠራሩም የተገለጠ ነው፣ ማንበብ ለሚችል ሰው ውስጡን አይደብቅም። ማንም አላስተማረኝም። ደብረ ብርሃን ኢንተርኔት ቤት ያወረድኩትን እያነበብኩ፣ እያበላሸሁ፣ እያስተካከልኩ ተማርኩ። የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ በእሱ በኩል ስለሚያልፍ ምን ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ።

እፀገነት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ስልኩን መደርደሪያ ላይ ትታው ነበር። ኮምፒውተሬ ላይ ስመለከት፣ ማንም ሳይነካው ወደ አንድ አድራሻ የሆነ ነገር ይልካል። እናቴን በነገር ቆሰቆስኳትና ማውራት ስትጀምር መላኩ በዛ። ዝም ስንል ቀነሰ። እንደገና አናገርኳት፣ እንደገና በዛ።

ስልኩን መስበሩ ቀላል ነበር። ብሰብረው ግን መሳፍንት ይክዳል፣ እኔም ምቀኛ እባላለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ያንን አድራሻ ብቻ ከለከልኩ። ሌላው እንደወትሮው ይሠራል። መከልከሌን ለእናቴም ለእህቴም አልነገርኩም።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ መሳፍንትም አብሯቸው መጣ። በደንቡ ባል ደጅ ይቆያል፤ ሲጠሩት ይገባል፣ ሲጠይቁት ይናገራል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሼ ፈንታ ገና ጋቢያቸውን ሳያስተካክሉ እሱ ዘው ብሎ ገባ። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«ቤቴን የምታፈርሰው ይቺ ናት። መጀመሪያ የዘጋችውን ትክፈት።»

ጋሼ ፈንታ ቀና አሉ። «ምኑን?»

«የስልኩን። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ...» አለና ቆመ።

እናቴ ስልኩ ደህና ነው አለች። እፀገነትም ጠዋት ፎቶ እንደተላከላት ተናገረች። መሳፍንት ከሰው ሰምቼ ነው አለ። ከማን እንደሆነ ሲጠየቅ ስም ጠፋበት።

«ጋሼ ፈንታ፣ የዘጋሁት አንድ መንገድ ነው» አልኩ። «የጓዳችንን ወሬ ስልኩ የሚያወጣበትን። መዝጋቴን ለማንም አልነገርኩም። ወሬው ይደርሰው የነበረ ሰው ካልሆነ፣ መዘጋቱን ማን ያውቃል?»

ጋሼ ፈንታ በጉብዝናቸው የጓሳ የጋራ ሣር መሬት ጠባቂ ነበሩ። ሣሩ እንዲያገግም አገሩ ተስማምቶ ጓሳን ሲዘጋ፣ ተደብቆ የሚያጭደውን ያሳድዱ ነበር። መሳፍንትን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ጓሳ ተዘግቶ የማጭደው አጣሁ ብሎ አቤት የሚል ሌባ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

«የገዛ ሚስቴን ብሰማ ምን ነውር አለው?» አለ መሳፍንት።

እፀገነት ተነሥታ ስልኩን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ለጋሼ ፈንታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፣ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሆዴ ሲባባ ሰምተሃል። አሁን ደግሞ ይህን በጆሮህ ስማ። መኪናዬን ብትመልስም አልገባም።»

ሲወጣ አንቺን የሚያገባ አይኑር ብሎ ረገመኝ። በሩን ዝጋው አልኩት። ሳይዘጋው ሄደ።

ሽማግሌዎቹ እንደተሸኙ እናቴ ወደ ጠጄ አጥር ሄዳ ተጣራች። ጠጄ ቤት ነበረች፤ ጭሷ ይወጣል። እናቴ ደጋግማ ተጣራች። ጠጄ አልመለሰችላትም።